የሂልዴጋርድን ዝማሬ ማን ይዘምረው? እኛስ እንዴት እንስማው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዚህ መድረክ የመካከለኛው ዘመን መንፈሳዊ ዝማሬ የምትወዱ ጥቂት እንዳልሆናችሁ ስለማውቅ ሲያንገበግበኝ የቆየ ነገር ላንሣ። ዛሬ የቢንገኗን ሂልዴጋርድ ዝማሬ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የእንቅልፍ ሙዚቃ ተብሎ፣ የዝናብ ድምፅ ተጨምሮበት፣ የመዝሙሩ ስም እንኳ ሳይጠቀስ ነው። ግጥሙን የሚያነብ የለም፤ ዘማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅም የለም።

ሂልዴጋርድ በ1098 በጀርመን ምድር ተወልዳ በ1179 አረፈች (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በልጅነቷ ለገዳም ተሰጠች። ያሳደገቻት ዩታ በ1136 ስታርፍ የእኅቶቹ አለቃ ሆነች፤ በ1150 አካባቢም በራይን ወንዝ ዳር፣ ቢንገን አጠገብ፣ ሩፐርትስበርግ በተባለው ስፍራ የራሷን ገዳም አቀናች። ከሰባ በላይ መዝሙሮችና በዜማ የሚቀርብ አንድ መንፈሳዊ ድራማ ትታልናለች። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። የደረሰችውም ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ ቆመው ለሚጸልዩ፣ ስማቸው ላልተጻፈልን እኅቶቿ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ይህ ዝማሬ የጀርባ ድምፅ ሊሆን አይገባውም፤ ደግሞም ሲዘመር በሴቶች ድምፅ መዘመር አለበት። ሴቶች ለሴቶች ያዘጋጁት ጸሎት ከዚያ ዘመን ብዙ አልተረፈልንም፤ የተረፈውን ከባለቤቶቹ አንደበት እንስማው። እናንተ ምን ትላላችሁ? የትኛውን ቅጂ ትመርጣላችሁ? እንዴትስ ትሰሙታላችሁ?

መልሶቹ

ክሩ በጣም ስለረዘመና አዲስ የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስለጠየቁ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አጠናቅሬያቸዋለሁ።

ቁጥር 1 የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ናት። በትሕትና አመስግና ከጀመረች በኋላ፣ እሷ ራሷ ይህን ዝማሬ ከሥራ ስትመለስ ለእንቅልፍ እንደምትከፍተው፣ ይህን ማድረጓም ዝማሬውን እንደ መናቅ ሊቆጠርባት እንደማይገባ ጻፈች። ሰው ሲደክመው በጸሎት ድምፅ ውስጥ ቢያንቀላፋ ምን ክፋት አለው ስትል ጠየቀችኝ። ግጥሙን ማንበብ እንደምትፈልግ፣ ግን ከየትኛው መዝሙር እንደምትጀምር ጨርሶ እንደማታውቅ ጨመረች። ቅር አልተሰኘሁባትም፤ ለዚህ ክር ያስፈለገው እንዲህ ያለ ቅን መልስ ነበር። በአንቲፎኑ (ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በሚዘመር መዝሙር) በኦ ቪርቱስ ሳፒየንቲዬ እንድትጀምር መከርኳት። አጭር ነው። ስለ ጥበብ ይናገራል፤ ጥበብ ሦስት ክንፍ አላት፣ አንዱ ወደ ላይ ይበራል፣ ሁለተኛው ከምድር እንደ ላብ ይፈልቃል፣ ሦስተኛው በየአቅጣጫው ይከንፋል። ይህን አንብቦ የሚሰማ ሰው ዜማው የት ላይ ወደ ላይ እንደሚመነጠቅ፣ የት ላይ ወደ መሬት እንደሚወርድ በጆሮው ይከተላል።

በቁጥር 2 አንድ የሙዚቃ መምህር ረዘም ያለና ጠቃሚ እርማት አመጣ። እሱ እንዳስረዳው፣ በሂልዴጋርድ ዘመን ከተጻፉት መጻሕፍት የደረሱን የዜማ ምልክቶች በአራት መስመር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ የመስመሮቹ መለያዎች ግማሽ እርምጃው (በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) የት ላይ እንደሚውል ያሳያሉ እንጂ ዜማው በምን ያህል ከፍታ እንደሚነሣ አይናገሩም። አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት እኅት ዝቅ አድርጋ ብትጀምረው ከጽሑፉ አልወጣችም። ዛሬ መልአካዊ እየተባለ የሚሸጠው እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ የዘመናችን ቀጂዎች ምርጫ ነው። በሌላ በኩል የሂልዴጋርድ ዜማ ከተለመደው የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የግሪጎሪያን ዜማ እንደሚለይ አልካደም። የተለመደው ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በስምንት የድምፅ ደረጃ ዙሪያ ይወሰናል፤ የእሷ ግን ገና ሲነሣ አምስት ደረጃ ይዘልና ወዲያው ወደ ኦክታቩ ይደርሳል፣ ኦ ቮስ አንጄሊ በተባለው መዝሙር ደግሞ ከሁለት ኦክታቭ በላይ ይዘረጋል። እንዲህ ያለ ዜማ የጻፈ ሰው ከፊቱ ብርቱ ዘማሪዎች እንደነበሩት ግልጽ ነው ሲል ደመደመ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ደስ አሰኘችኝ። የእነዚያን እኅቶች የድምፅ አቅም የሚመሰክርልን ሌላ ማስረጃ የለንም፤ የምናውቃቸው በተጻፈላቸው ዜማ ነው።

ቁጥር 3 ላይ የውይይቱ መንፈስ ተለወጠ። ጸሐፊው ሰላምታም አልሰጠም። የቅዱስ ያሬድ ልጆች ሆነን የካቶሊክ መነኮሳትን ዜማ ማሳደዳችን ምን ይሉታል፤ ማኅሌት ቆሞ ያላደረ ሰው ስለ ራይን ወንዝ ገዳም ሲያወራ ያሳፍራል፤ ይህን የመሰለ ክር ከመድረኩ መነሣት አለበት አለ። ማኅሌት ቆሜ እንደማውቅና እንደማላውቅ አልጠየቀኝም።

እኔ መልስ ሳልሰጥ በቁጥር 4 አንድ መሪጌታ ገቡ። የእርሳቸውን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሌላው ሕዝብ እግዚአብሔርን እንዴት እንዳመሰገነ መስማት የራስን ማስጣል እንዳልሆነ፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ የሌላውንም ሥርዓት ቶሎ እንደሚለይ በርጋታ አስረዱ። ከዚያ ወደ ሴቶች ጉዳይ ተሻገሩ። ማኅሌቱ የወንዶች ሆኖ ቢቆይም በቅዳሴ የሕዝቡን ተሰጥኦ ሴቶች ከወንዶች እኩል እንደሚመልሱ፣ በጎጃምም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ እየተቀኙ ወንዶቹን ተማሪዎች እንዳስተማሩ አስታወሱ። ሴት ለእግዚአብሔር ቃል ስታሰማ የሚደነግጥ ሰው ታሪኩን አልተማረም ማለታቸው ነበር፤ ቃሉን ግን ለስለስ አድርገው ነው ያስቀመጡት።

የቁጥር 3 ጸሐፊ በቁጥር 5 ተመለሰ። አባታችንን እንደሚያከብራቸው፣ ከእርሳቸው ጋር ክርክር እንደማይገጥም ገለጸ፤ እኔን በተመለከተ ግን አቋሙን አላለዘበም። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ የተሸሸገ የሴቶች መብት ክርክር እንዳለ፣ ዝማሬ ደግሞ የዘማሪው ጾታ ሳይሆን የእምነቱ ጉዳይ እንደሆነ ጻፈ። ለዚህ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፤ የተሸሸገ ነገር የለም፤ ሴቶች ስለ ጸለዩት ጸሎት በግልጽ እየተናገርኩ ነው።

ቁጥር 6 ከአቴና የጻፈ ወገናችን ነው። ሐሳቤን ከሁሉ የበለጠ የፈተነው እሱ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን በቁስጥንጥንያ የኖረችው ካሲያ ለጌታ እግር ሽቱ ስላፈሰሰችው ኃጢአተኛ ሴት የደረሰችው መዝሙር በግሪክ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንደሚዘመር አስታወሰን። ሥርዓቱ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው፤ የሚፈጸመው ግን ማክሰኞ ማታ ነው። በዚያ ምሽት ዓመቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የማይረግጡ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን አንድ መዝሙር ሊሰሙ እንደሚመጡ፣ እሱም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሄዶ በር ላይ ቆሞ እንደሰማ ተረከ። የዘመረው ወንድ ነበር፤ ከሥሩም ወንዶች ኢሶን የሚሉትን አንድ ረዥም የታች ድምፅ ይዘው ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ያለቅሱ ነበር። ታዲያ እዚያ የሴቲቱ ቃል ተሰርቋል ልትል ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ።

ቁጥር 7 ካሲያ የሚለውን ስም እንዳየ ታዋቂውን ታሪክ አመጣ፤ ንጉሥ ቴዎፍሎስ ሚስት ሊመርጥ የወርቅ ፖም ይዞ በደናግሉ መካከል ሲያልፍ ካሲያ ፊት ቆመ፤ ክፉው ሁሉ በሴት በኩል መጣ ቢላት፣ መልካሙም በሴት በኩል መጣ ብላ መለሰችለት፤ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ሌላይቱን መረጠ። ቁጥር 8 ትንሽ ቆጣ ብሎ፣ ይህ ታሪክ የተጻፈው ከዘመኑ በኋላ በመጡ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች እንደሆነ፣ የታሪክ ሰዎችም እንደሚጠራጠሩት አሳሰበ። በዘመኗ የተጻፈላትን ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የስቱዲዮሱ ቴዎድሮስ የተባለው መነኩሴ የላከላትን ሦስት ደብዳቤዎች ያንብብ አለ። ቁጥር 7 ታሪኩ እውነት ባይሆን እንኳ መልሷ ያምራል ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 8 ደግሞ ያማረ ሁሉ አይታመንም አለው። በዚህ ሁለቱ ጥቂት ተጠዛጠዙ፤ አልፌዋለሁ።

እኔ ለአቴናው ሰው የመለስኩት እንዲህ ነው። የካሲያ መዝሙር ለመላው ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ኖሯል፤ ወንዱም ሴቱም የወረሰው ነው። የሂልዴጋርድ መዝሙር ግን ከገዳሟና ከጥቂት ወዳጅ ገዳማት ብዙ ሳይርቅ ለዘመናት ተኝቶ ቆይቶ በእኛ ዘመን ተነሣ። ሕያው ልማድ የሌለው ዜማ ሲነሣ የሚያነሡት ሰዎች ከመነሻው ቢጀምሩ ይሻላል፤ መነሻው ደግሞ የእኅቶች ማኅበር ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። አቴናዊው ወገናችን በከፊል ተቀበለው፤ ካሲያም ራሷ ገዳም መሥርታ ከእኅቶቿ ጋር እንደኖረች ግን አትርሳ አለኝ። አልረሳሁም፤ በሙኒክ የሚገኘው ቮካሜ የተባለው የሴቶች ቡድን መዝሙሮቿን የቀዳቸውን ስሰማ የማስበው ይህንኑ ነው።

ከቁጥር 9 እስከ 11 ያሉት መልሶች ስለ ጆሮ ማዳመጫ ዋጋ፣ ስለ ማስታወቂያ መብዛትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ መዝሙር አቋርጦ ስለመቅረት ናቸው። የአዳማው ወንድማችን ፋይሉን አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል ያለው ትክክል ነው፤ ሌላው ከክሩ ጋር ብዙ አይገናኝም።

ቁጥር 12 አኖኒመስ ፎር የተባሉትን አራት ሴቶች አወደሰች። ሴቶች በመካከለኛው ዘመን እንዴት እንደዘመሩ መስማት የሚፈልግ ሰው ከእነርሱ ሌላ አያስፈልገውም ስትል ጻፈች። ቁጥር 13 እርማቱን በአክብሮት ነው የጀመረው፤ እኅቴ ብሎ። ቡድኑ በ1986 በኒው ዮርክ ተመሥርቶ እስከ 2015 እንደዘለቀ፣ በ1992 የወጣው የእንግሊዝ የእመቤታችን ቅዳሴ ዝማሬም በሰፊው እንደተሰማ መሰከረ። ነገር ግን ከዘመሩት ብዙው በመጀመሪያ በወንዶች ካቴድራልና ገዳም ይዘመር የነበረ ነው፤ ስማቸውም ስለ ፓሪሱ ኖትርዳም ዜማ ሊቃውንት ከጻፈ ስሙ ካልታወቀ ሰው የመጣ ነው። በሴቶች ድምፅ መስማታችን የእነርሱ ደፋር ውሳኔ ነው እንጂ የዘመኑ ሥርዓት ቅጂ አይደለም። ደግሞ ቀጠለና እኔን ጠየቀኝ፤ የሴቶቹን በወንዶች እንዳይዘመር የሚከለክል ሰው የወንዶቹን በሴቶች ሲዘመር ዝም ማለቱ በምን ሚዛን ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሚዛኔ የታሪክ ሚዛን ነው። የወንዶቹ ዝማሬ በወንዶች ድምፅ በየገዳሙ ሞልቷል፤ በ1994 የስፔን መነኮሳት ዝማሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ሲሸጥ አይተናል። አራት ሴቶች ቢዘምሩት ከዚያ ላይ አንዲት ጠብታ አይጎድልም። የሴቶቹ ግን ጥቂት ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ሌላው ከወሰደው ለሴቶቹ ምን ይቀራል?

በቁጥር 14 ሌላ ሰው በስፔን ቡርጎስ አጠገብ ያለውን የላስ ኡዌልጋስን ገዳም አነሣ። ገዳሙን ንጉሥ አልፎንሶ 8ኛና ንግሥት ኤሌኖር በ1187 ሲስተርሲያን ለተባለው የካቶሊክ ምንኩስና ማኅበር ደናግል አቋቋሙት። እዚያ ከ180 በላይ ዜማዎችን የያዘ የ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መጽሐፍ አለ፤ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ዜማ በአንድ ጊዜ የሚሰማባቸው ናቸው። መጽሐፉ ዛሬም ከገዳሙ አልወጣም። ከውስጡ አንዱ ክፍል ለደናግሉ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ድምፅ የዜማ መለማመጃ ነው፤ ይህ ሰው እንዳለው ሴቶች እንዲህ ያለ ውስብስብ ዜማ መማራቸውን የሚያሳይ ከዚህ የጠነከረ ምስክር አይገኝም። ቁጥር 15 ግን በቁጣ መጣ። የሲስተርሲያን ሥርዓት ድርብርብ ዜማን እንደማይወድ፣ በገዳሙ ካህናትም እንደነበሩና አስቸጋሪዎቹን ዜማዎች እነርሱ ዘምረው ሊሆን እንደሚችል፣ አንድ መለማመጃ ይዞ መላውን መጽሐፍ ለደናግሉ መስጠት የምኞት ታሪክ እንደሆነ ጻፈ። በምሁራንም ዘንድ ይህ ክርክር አለ። እኔ ከቁጥር 14 ጋር ነኝ። ለማይዘምሩ ሰዎች መለማመጃ የሚጽፍ የለም፤ ደናግሉ ድርብርቡን ዜማ ከተማሩት የተማሩት ሊዘምሩት ነው።

ከዚያ የታች ድምፁ ክርክር ተነሣ። ቁጥር 16 በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጎቲክ ቮይስስ የተባለው ቡድን በክሪስቶፈር ፔጅ መሪነት የቀዳውን ዝነኛ የሂልዴጋርድ አልበም ጠቅሶ፣ ኤማ ከርክቢ ኮሉምባ አስፔክሲት የተባለውን መዝሙር ስትዘምር ከሥሯ የሚሰማው ያልተቋረጠ የመሣሪያ ድምፅ እንደሚመስጠው ጻፈ። የሙዚቃ መምህሩ ተመልሶ በቁጥር 17 በመጽሐፎቹ ላይ ያለው አንድ ነጠላ ዜማ ብቻ እንደሆነ፣ ያ የታች ድምፅ ከየትም እንዳልተጻፈ አስረዳ። አቴናዊው በቁጥር 18 ወደ ራሱ መልስ መለሰን፤ ኢሶን በግሪኮች ዘንድ ለዘመናት ተይዞ የኖረው ሁሉ ስለተጻፈ አይደለም፤ ያልተጻፈ ሁሉ አልነበረም ማለት አይቻልም። እኔ መሣሪያ የሌለበትን እመርጣለሁ። የታች ድምፁ ሲኖር ጆሮዬ እሱ ላይ ይደገፋል፤ ሳይኖር ግን የዘማሪዋን ትንፋሽ፣ ቃሉን የምትጀምርበትንና የምትዘጋበትን ቦታ እከተላለሁ። ለዚህም የሴኬንቲያን ቅጂዎች መርጫለሁ፤ መሣሪያ የሚገባባቸው ቢኖሩም ሴቶቹ ብቻቸውን የሚዘምሩባቸው ብዙ ናቸው። ባርባራ ቶርንተንና ቤንጃሚን ባግቢ በ1977 የመሠረቱት ይህ ቡድን የሂልዴጋርድን ሥራ በሙሉ ለመቅዳት ተነሥቶ፣ ቶርንተን በ1998 ካረፈች በኋላም ባግቢ ሥራውን ፈጽሞታል።

በቁጥር 19 አንዲት ተማሪ፣ ሂልዴጋርድ ከዝማሬ የታገደችበት ጊዜ እንደነበር ሰምታ ጥፋቷ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ስጠብቀው ነበር፤ በቁጥር 20 ረዘም አድርጌ መለስኩ።

በ1178፣ ሂልዴጋርድ ሰማንያ ዓመት በሆናት ጊዜ፣ አንድ ተወግዞ የነበረ መኳንንት በሩፐርትስበርግ መካነ መቃብር ተቀበረ። የማይንዝ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ሬሳው ወጥቶ እንዲጣል አዘዙ። እሷ ግን ሰውየው ከመሞቱ በፊት ታርቆ ሥጋ ወደሙ እንደተቀበለ ታውቃለችና እምቢ አለች። ስለዚህ ገዳሙ ታገደ። ቅዳሴ ቀረ፣ ቁርባን ቀረ፤ የሰዓታቱም ጸሎት በዜማ መሆኑ ቀርቶ በር ተዘግቶ በዝቅተኛ ድምፅ እንዲነበብ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ሲዘምሩ የኖሩ ሴቶች መዝሙረ ዳዊትን እንደ ምሥጢር ማንሾካሾክ ተገደዱ።

ያኔ ለሹማምንቱ የጻፈችው ደብዳቤ ስለ ዝማሬ ከተጻፉት ሁሉ ከምወደው የሚመደብ ነው። አዳም ከውድቀቱ በፊት ድምፁ ከመላእክት ዝማሬ ጋር አንድ እንደነበረ፣ ነቢያት መዝሙርንና የዜማ መሣሪያን የሰጡን ያንን የጠፋውን ድምፅ እንድናስታውስበት እንደሆነ፣ ዲያብሎስም ሰው ሲዘምር ያጣውን ሰማይ እንደሚያስታውሰው ስለፈራ ዝማሬን ለማወክ እንደማይተኛ ጻፈች። ነፍስ ራሷ ዜማ አላት አለች። ከዚያም ወደ ሹማምንቱ ዞረች፤ በምድር ላይ የእግዚአብሔርን ምስጋና ያለ በቂ ምክንያት ዝም ያሰኙ ሰዎች በሰማይ ከመላእክት ምስጋና ዕድል ፈንታ እንዳያጡ አስጠነቀቀቻቸው። እገዳው በመጋቢት 1179 ተነሣ። እሷ በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን አረፈች፤ የመጨረሻ ወራቷን በዝማሬ መካከል ኖረች ማለት ነው። አንድን መቃብር ላለመክፈት ዝማሬያቸውን ያጡ ሴቶች መዝሙር ለእንቅልፍ ማስወሰጃ ሲሸጥ ለምን እንደምቆጣ አሁን የሚገባችሁ ይመስለኛል።

ይህ መልስ ብዙ ምስጋና አገኘ። ወዲያው ግን በቁጥር 21 ስለታም መልስ መጣ። ጸሐፊዋ፣ ሂልዴጋርድን ከመጠን በላይ እያነጻኋት እንደሆነ ነገረችኝ። ቴንክስቪንድ የተባለች የአንደርናኽ ማኅበር አለቃ የጻፈችላትን ደብዳቤ አንሥታ፣ የሩፐርትስበርግ ደናግል በበዓላት ቀን ፀጉራቸውን ለቅቀው፣ መሬት የሚነካ ነጭ የሐር መጎናጸፊያ ለብሰው፣ የወርቅ አክሊል ደፍተው እንደሚዘምሩ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ገዳሙ የመኳንንት ልጆችን ብቻ እንደሚቀበል አስታወሰች። ሂልዴጋርድም ይህን አልካደችም፤ በሬን፣ አህያን፣ በግንና ፍየልን በአንድ በረት የሚያጉር ማነው ስትል ነው የመለሰችው። ድኻ ልጃገረድ በዚያ ማኅሌት ውስጥ ቦታ አልነበራትም፤ ስለዚህ የሴቶች ድምፅ ስትል የየትኞቹን ሴቶች ማለትህ ነው አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ደብዳቤዎቹም እንዲህ ይላሉ፤ የሂልዴጋርድ መልስ ጨካኝ ነው። ግን የእኔ ክርክር በእሷ ቅድስና ላይ አልቆመም። ዛሬ ያንን ዜማ የምትዘምር የገበሬ ልጅ ብትሆን የሚከለክላት የለም፤ ሩፐርትስበርግ የዘጋባትን በር የመዝሙሩ ጽሑፍ ከፍቶላታል። ለቁጥር 21 ይህን ብዬ መለስኩ። አልረካችም፤ በቁጥር 22 የዜማው ውበት ራሱ ያለ ሥራ መኖር ከሚችሉ ሰዎች ሀብት የመጣ መሆኑን መርሳት የለብንም አለች። መሪጌታው በዚህ ላይ ጣልቃ ገብተው፣ በእኛም አገር ዜማ የደረሰልን እንጀራ እየለመኑ ከተማሩ ቆሎ ተማሪዎች አፍ ነው፤ ስለዚህ ውበት ሁልጊዜ ከሀብት አይወለድም ሲሉ በቁጥር 23 መለሱላት።

ቀጥሎ ክሩ ትንሽ ሳተ። ቁጥር 24 በሂልዴጋርድ ስም ስለሚሸጡ የዕፀዋት ሻይና የብስኩት ዓይነቶች ጠየቀ። ቁጥር 25 እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስታወሰ፤ በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2023 ያረፉት እማሆይ በፒያኖ ያስተላለፉት መንፈስ ከዚህ ጋር አንድ ነው አለ። የእማሆይን ሥራ እጅግ እወዳለሁ፤ እርሳቸው ግን የ20ኛው መቶ ዘመን የፒያኖ ደራሲ ናቸውና የራሳቸው ክር ይገባቸዋል።

ቁጥር 26 ወደ ጉዳዩ የመለሰን ስለ መጻሕፍቱ በመተረክ ነው። የሂልዴጋርድ ሥራዎች የተሰበሰቡበት፣ አሥራ አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መጽሐፍ በቪስባደን ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጥንቃቄ ተብሎ ራእዮቿ በሥዕል ከተጻፉበት ሌላ መጽሐፍ ጋር ወደ ድሬስደን ባንክ ተላከ። ከተማዋ በ1945 ስትደበደብ መጽሐፉ ተረፈ፤ በ1948ም ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለ ሥዕሉ መጽሐፍ ግን የደረሰበት ጠፋ። ደግነቱ በአይቢንገን ያሉት የቅድስት ሂልዴጋርድ ገዳም መነኮሳይያት ከ1927 እስከ 1933 በእጃቸው፣ በብራና ላይ፣ ከነቀለሙ ገልብጠውት ነበር። ዛሬ የሥዕሎቹን ቀለም የምናውቀው ከእነዚያ ሴቶች እጅ ነው። ስለ ሴቶች ሥራ የጀመርነውን ክር ይህ መልስ በደንብ ደገፈው።

ቁጥር 27 ነርሷ ናት። ኦ ቪርቱስ ሳፒየንቲዬን ትርጉሙን ወረቀት ላይ ጽፋ፣ በእረፍት ቀኗ ቁጭ ብላ እንደሰማችው ነገረችን። ስለ ሦስቱ ክንፎች የሚዘመረው ክፍል ላይ ደጋግማ እንደቆመች፣ ሁለተኛው ክንፍ ከምድር የሚያልበው ላይ የሆስፒታል ሥራዋን እንዳሰበች ጻፈች። ለእንቅልፍም መክፈቷን እንዳልተወች ደግሞ በግልጽ ነገረችኝ። እሺ፤ ቃሉን ያወቀ ሰው ቢያንቀላፋበት አልከራከርም።

ያልተጠበቀው ቁጥር 28 ነው። የቁጥር 3 ጸሐፊ የሂልዴጋርድን ድራማ፣ ኦርዶ ቪርቱቱምን፣ ልሞግትህ ብዬ ከፈትኩት ሲል ጻፈ። ነፍስና በጎ ምግባራት ሁሉ ሲዘምሩ ዲያብሎስ ብቻ እንደማይዘምር፣ መጮህ ብቻ እንደተፈቀደለት ባየ ጊዜ ይህን የጻፈችው ሴት ስለ ዜማ የምታውቀው ነገር እንዳለ ተረዳ። ክሩ ይነሣ ያለውን ሐሳብ ትቶታል። የእኛን ሳንጠግብ ለሌላው መሮጣችን ግን ዛሬም ያሳዝነዋል፤ ደግሞም የዲያብሎስን ሚና ወንድ ሊጮኸው ከቻለ ወንዶች ሌላውንም ቢዘምሩት ምን ይላል?

በቁጥር 29 መልስ ሰጠሁት። ብዙዎች እንደሚገምቱት የዲያብሎስን ክፍል ያሰማው የገዳሙ ካህንና የሂልዴጋርድ ጸሐፊ የነበረው ቮልማር ሊሆን ይችላል፤ በመግቢያውም የነቢያትና የአበው ድምፅ አለ። የወንድ ቦታ በሥራው ውስጥ ተሰጥቷል። ፍቅርን፣ ትሕትናን፣ ድንግልናንና ትዕግሥትን ግን እኅቶቿ እንዲዘምሩት ነው የጻፈችው፤ በዚያ ላይ ሐሳቤን አልለወጥኩም።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 30፣ ከፍራንክፈርት የጻፈች እኅት ናት። በሩድስሃይም በላይ ባለው የአይቢንገን ገዳም መነኮሳይያቱ የሰርኩን ጸሎት በዜማ ሲያደርሱ እንግዳ ገብቶ መስማት እንደሚችል፣ እሷም ሄዳ እንደሰማች ገለጸች። በዕለቱ የዘመሩት የሂልዴጋርድን ሳይሆን የዘወትሩን መዝሙረ ዳዊት ነበር፤ በግራና በቀኝ ተከፍለው እየተቀባበሉ፣ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ድምፅ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት እያለ። በጀርመንና በአካባቢው ያላችሁ ሰዎች አብረን እንሂድ ብላለች፤ የሚመቻችሁን ቅዳሜ ከዚህ በታች ጻፉላት።